ከማርሹ ስም በፊት ኩሽኔታው

የኮርስ ብስክሌት ሊገዛ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ የሚያየው የኋላውን ማርሽ ቀያሪ ነው። እዚያ ላይ የተጻፈው ስም የብስክሌቱን ደረጃ ይነግረኛል ብሎ ያምናል። እምነቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። የጃፓኑ ሺማኖ የኮርስ ዕቃዎቹን ለዓመታት በእርከን ከፋፍሎ ሲሸጥ ኖሯል፤ ከታች ክላሪስ፣ ቀጥሎ ሶራ፣ ቲያግራና 105፣ ከዚያ ኡልቴግራ፣ ጫፉ ላይ ዱራ ኤስ። እርከኑ እውነተኛ ነው፤ ስህተቱ በአንድ ዕቃ እርከን ሙሉውን ብስክሌት መመዘን ላይ ነው። አምራቾቹም የገዢውን ዓይን ጠንቅቀው ያውቁታል። በርካሽ ብስክሌት ላይ ደህናውን ስም ከፊት ለፊት ሰክተው ቁጠባቸውን ዓይን በማይደርስበት ቦታ ያደርጉታል፤ በሞዞው፣ በፔዳሉ ዘንግ ኩሽኔታ፣ በካቴናው፣ በፍሬኑ። ገንዘቡ ውስን የሆነ ገዢ፣ በእኔ አስተያየት፣ ዕቃዎቹን በሁለት ቢከፍላቸው ይሻለዋል፤ ተበልተው የሚጣሉትንና ብስክሌቱ እስካለ አብረውት የሚኖሩትን። ጥራትን በሚኖሩት፣ ርካሽነትን በሚጣሉት ላይ ይፈልግ። ገበያው ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ተቃራኒው ነው።

የሚጣሉት ካቴና፣ የኋላ ጥርሶች፣ ጎማ፣ የፍሬን ገመድና ሸራ ናቸው። እርከናቸው ከፍ ስላለ ከማለቅ አይድኑም፤ እንዲያውም ከፍ ሲል ሥራቸው ይሳሳል። 8 ማርሽ በነበረበት ቦታ 11 ወይም 12 ለማስገባት ሁሉም ነገር መቅጠን አለበት። የ8 ማርሽ ካቴና ወርዱ ከ7 ሚሊሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ የ11 ማርሹ ግን 5.5 ያህል ብቻ ነው። ማለቁን ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጥሩ ማስመሪያ ይበቃል። 24 ተከታታይ ማያያዣዎች አዲስ ሳሉ ከፒን መሐል እስከ ፒን መሐል 304.8 ሚሊሜትር ይሞላሉ። የ8 ማርሹ 307 ሚሊሜትር ሲደርስ ይቀየራል፤ የ11ዱ ግን 306ን እንዳለፈ መቀየር አለበት፤ ካልሆነ ውዱን የኋላ ጥርስ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ከፍ ያለው እርከን ውድ ሆኖ ሳለ ቶሎ ቀይሩኝ ባይ ነው። የ8 ማርሽ ካቴናና ካሴት (የኋላ ጥርሶቹ ስብስብ) ደግሞ ከብዙ ማውንቴን ብስክሌቶች ጋር የጋራ ነው፤ መለዋወጫ ከውጭ በሰው ሻንጣ በሚመጣበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ክላሪስን የድሃ ዕቃ ብለው የሚንቁት ሰዎች ይህን ሒሳብ ሠርተውት አያውቁም።

አብረው ከሚኖሩት ቀዳሚው ቴላዮው ነው። ልኩ ካልሆነ የትኛውም ዕቃ አያቃናውም። ያገለገለ ብስክሌት ሲሆን ከመሪው በታች ብየዳው ዙሪያ ቀለሙ ከተጨማደደ ወይም ፀጉር የመሰለ መስመር ካለ ከፊት ተጋጭቷል ብሎ መጠርጠር ነው። ብረት ከሆነ ጥሩ በያጅ ያድነዋል። አሉሚኒየም ግን ከተበየደ በኋላ ጥንካሬው እንዲመለስ አብዛኛውን ጊዜ በምድጃ መታከም ስላለበት የሰፈር ብየዳ አያስተማምንም። የኮርቻው ዘንግ ከፍና ዝቅ ማለቱን ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት መሞከር ይገባል፤ ለዓመታት ሳይነቃነቅ ዝጎ የተጣበቀ ዘንግ ልኩን ማስተካከል ይከለክላል። ማርሽ ቀያሪው የሚንጠለጠልባት ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭም አለች፤ ብስክሌቱ ሲወድቅ ቴላዮውን ለማዳን እሷ ቀድማ ትጎብጣለች። ቅርጿ ከቴላዮ ቴላዮ ስለሚለያይ ሻጩን ትርፍ አለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው።

ከቴላዮው ቀጥሎ ሞዞው ይመጣል፤ እኔ ብዙውን ጊዜዬን የምሰጠውም ለእሱ ነው። በጣም ርካሽ በሆኑት ላይ የኋላ ጥርሶቹ እርስ በርስ እንደተያያዙ ሞዞው ላይ እንደ ክዳን ይጠመዘዛሉ። በዚህ አሠራር የቀኙ ኩሽኔታ ከጥርሶቹ ወደ ውስጥ ስለሚቀር ዘንጉ በዚያ ርዝመት ሁሉ ያለ ደጋፊ ይሠራል። ኮብልስቶን በበዛበት መንገድ ላይ ክብደት የሚጭን ብስክሌተኛ ሲቀመጥበት ይጎብጣል፣ ሲብስም ይሰበራል። በካሴት አሠራር ግን ኩሽኔታው ወደ ቀኙ ጫፍ ወጥቶ ዘንጉን ይሸከማል። ከክላሪስም በታች ያለው የሺማኖ ባለ 7 ማርሹ ቱርኒ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፣ ባለ 8ቱ ክላሪስ ሁለተኛው። ስለዚህ ከቱርኒ ወደ ክላሪስ ለመውጣት የሚጨመረው ብር ከክላሪስ ወደ 105 ከሚጨመረው ይልቅ ብዙ ይገዛል። ያገለገለ ሞዞ ሲፈተሽ ጎማውን ወደ ጎን መወዝወዝ፣ ከዚያ አውርዶ ዘንጉን በጣት ማሽከርከር ነው። ቢላላ ይጠብቃል። አሸዋ የገባበት ዓይነት ከተሰማ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ኳሶቹ ይቀየራሉ፣ ሞዞው ውስጥ የተበላው መቀመጫቸው ግን አይቀየርም።

የማርሽ ቁጥር ሳይሆን የማርሽ ልክ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የተለየ ክብደት አለው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ስስ ነው። ከአውሮፓ የሚመጡ አሮጌ የኮርስ ብስክሌቶች ብዙዎቹ ትንሹ የፊት ጥርሳቸው 39፣ ትልቁ የኋላ ጥርሳቸው 25 ነው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ወደ 3.3 ሜትር ይሄዳሉ፤ በደቂቃ 70 ጊዜ ለማዞር በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ግድ ይላል። ወደ እንጦጦ ዳገት ላይ ይህን ፍጥነት የሚይዘው የሠለጠነ ተወዳዳሪ ነው፤ ሌላው ጉልበቱን እየሰበረ ይወጣል። ከፊት 34 ከኋላ 32 ያለው ክላሪስ በዚያው የእግር ምት 9.4 ኪሎ ሜትር ላይ ያሳርፋል። ስሙ ኡልቴግራ የሆነ 39 በ25 ለጀማሪ ከዚህ የባሰ ነው።

ከፍ ያለው እርከን ማርሽ ሲቀይር ይለሰልሳል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ይለሰልሳል። ይሁንና የመቀየር ጥራት የሚመጣው እጀታው ገመዱን ከሚስብበት ልክ፣ ከገመዱ ንጽሕናና ማርሽ ቀያሪው ቀጥ ብሎ ከመንጠልጠሉ ነው። አዲስ ገመድ የገባለትና በደንብ የተስተካከለ ክላሪስ ዝገት የበላው ገመድ ያለውን 105 ያስከነዳል። ክብደትስ? 68 ኪሎ ሰው 9 ኪሎ ብስክሌት ላይ ሲወጣ 77 ነው። ከብስክሌቱ 1 ኪሎ ቢቀነስ ከጠቅላላው 1.3 ከመቶ ነው፤ 40 ደቂቃ በሚፈጅ ቁልቁለት በሌለው ዳገት ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያተርፋል። ለሚወዳደር ሰው ግማሽ ደቂቃ ውድድር ነው፤ እሱ ይክፈል። ሥራ ደርሶ ለሚመለስና እሑድ ለሚጋልብ ግን ጎማ ከሚጣሉት ቢሆንም ያ ገንዘብ ጥሩ ጎማ ላይ ቢውል ይሻላል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ «አሁን ርካሹን ልግዛ፣ ኋላ አሻሽለዋለሁ» የሚለው ነው። ከ8 ወደ 11 ማርሽ መሻገር ግን እጀታዎቹን፣ ማርሽ ቀያሪዎቹን፣ ካሴቱንና ካቴናውን መቀየር ማለት ነው። የቆየ ሞዞ የኮርሱን 11 ማርሽ ካሴት ለመያዝ 1.85 ሚሊሜትር ስለሚያጥረው ቸርኬውም ሊከተል ይችላል። በዚያ ወጪ ሌላ ብስክሌት ይገዛል። በቀላሉ የሚሻሻለው ፍሬኑ ነው። በርካሽ ብስክሌት ላይ የሚመጣው የፍሬን ሸራ ደረቅ ነው፤ ለስላሳና ጥሩ ሸራ ከአዲስ ገመድ ጋር ሲገባለት ያው ፍሬን ሌላ ይሆናል። በገመድ የሚሠራ ርካሽ የዲስክ ፍሬን አልመርጥም፤ ክብደት ይጨምራል፣ ዘወትር ማስተካከል ይፈልጋል። ክረምት ላይ ቸርኬ የሚይዘው ፍሬን ሲርስ ዘግይቶ እንደሚይዝ፣ ጭቃውም ቸርኬውን እንደሚበላ እቀበላለሁ፤ ሐምሌና ነሐሴ ሳያቋርጥ ከእንጦጦ የሚወርድ ሰው ለዲስክ ቢጨምር አልፈርድበትም። ሌላው ሰው ቴላዮው 28 ሚሊሜትር ጎማ የሚያስገባ ክፍተት እንዳለው ይመልከት፤ በኮብልስቶን ላይ እጅንም ሞዞንም የሚያሳርፈው ያ ስፋት ነው፣ ሲገዛም 23 ሆኖ የመጣ ጎማ በኋላ ይቀየራል።