ኮረም ላይ ማን ተናገረ?

ማይክል በርክ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ለቢቢሲ ቴሌቪዥን ያቀረበውን፣ ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን የቀረጸውን የኮረም ዘገባ ሰሞኑን እንደገና አየሁት። ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ። ካሜራው በንጋቱ ጭጋግ ውስጥ ሜዳውን ቀስ እያለ ሲዳስስ ዛሬም ትንፋሽ ያሳጥራል። አሚን የሙያው ጌታ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል፤ ዓለም ደነገጠ፣ ዘፋኞች ተሰበሰቡ፣ እህል ተጫነ። ዘገባው ነፍስ አድኗል። ይህን የሚክድ ሂስ፣ ሂስ አይደለም።

በዚህኛው ዕይታዬ ግን ከዓይኔ ይልቅ ጆሮዬን ሰጠሁት። ለመሆኑ የሚናገረው ማን ነው? የሰማሁት ሁለት ድምፅ ነው፤ የጋዜጠኛውና የድንበር የለሽ ሐኪሞች ባልደረባ የሆነችው የውጭ አገር ሐኪም። የእኛ ሰዎች ያለቅሳሉ፣ ይሞታሉ እንጂ አይናገሩም። ሐኪሟ «የት ላይ ነው ያመመሽ?» ስትል የሚያስተረጉምላት ማን ነበር? ቁስል የሚያጥበው ድሬሰርስ? ሕክምና በአውሮፕላን መጥቶ በአውሮፕላን የሚመለስ ነገር ሆኖ ተሳለልን። እውነትም የድርጅቱ የፈረንሳይ ክፍል የግዳጅ ሰፈራውን በመቃወሙ በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። ድሬሰሩ ግን የት ይሄዳል?

የፊልም ጉድለት ብቻ ቢሆን ባለፍኩት። ነገር ግን ዓይናችን የለመደውን ነው የሚፈልገው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ የአካባቢው ሴት ልጆች አንድ ዓመት ሠልጥነው ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 አለፈ። አንዲት ወጣት ቦርሳዋን አንግታ ከደጅ ደጅ እየዞረች መጸዳጃ ስታስቆፍር፣ ሕፃን ስታስከትብ ምን ትዕይንት አለው? እንኳን ቢቢሲ፣ የእኛም ከያኒያን ዞር ብለው ያዩዋት አይመስለኝም።

ትግራይ ውስጥ በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሳ የፈረሰው እንዲህ ያለው፣ ካሜራ ያልጎበኘው ሥራ ነው። ያው ድርጅት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በነበሩት ወራት ካያቸው 106 የጤና ተቋማት 70 በመቶ ያህሉ ተዘርፈው ነበር፤ እንደ ወጉ ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶ ብቻ ናቸው። ለአንድ ጤና ጣቢያ አልጋና ማይክሮስኮፕ በመኪና ይጫንለታል። ነፍሰ ጡሮቹን በስም የምታውቀው አዋላጅ ግን አትጫንም።

መቀሌ ዓይደር ሆስፒታል ውስጥ ባለሙያዎች ደመወዛቸው ተቋርጦ ከዓመት በላይ ሠርተዋል። በገዛ አንደበታቸው የሚተርኩበት ፊልም ቢሠራ፣ የአሚንን ንጋት ባያክልም፣ ሌሊቴን ሰጥቼ አየዋለሁ።