ይቺን መኪና ድልብ ላይ ንዷት!

ሰው «አሮጌ ማርቼዲስ» ብሎ የሚያልፋት፣ ከነቪትስ አጠገብ ስትቆም ደላላ እንኳ ዞር ብሎ የማያያት ትንሽ መኪና አለች። ስሟ 190 ኢ ነው። እኔ ከነዳኋት ወዲህ ስለ ሌላ መኪና ማውራት አቅቶኛል! ከመርሳ ተነስቼ፣ ሲሪንቃን አልፌ፣ ወልድያ ገብቼ፣ ከዚያም ሰው የቻይና መንገድ በሚለው ወደ ጋሸና አቅጣጫ ሳንቃንና ድልብን ስወጣባት ያየሁትን ለማንም ሳልናገር መቅረት አልችልም። ዳገቱ ላይ ኩርባው እየተከታተለ ሲመጣ ሌላው መኪና ሰውነቱን ወደ ውጭ ይጥላል፣ ኋላው ይሸሻል፣ ነጂው መሪውን አንቆ ይይዛል። ይቺ ግን ዝም ብላ ትዞራለች! መሪውን ባዞርኩላት ልክ፣ ሳታበዛ፣ ሳታጎድል። ቀጣዩን ኩርባ የምጠብቀው በስጋት መሆኑ ቀርቶ በጉጉት ሆነ።

ነገሩን የጀመረው ወዳጄ ነው። የመርሳ ሰው ነው፤ ፍራፍሬ ይነግዳል። ለጭነቱ አይሱዙ አለው፤ አሁን የፈለገው ቤተሰቡን ይዞ ደሴም ወልድያም የሚልበት የቤት አውቶሞቢል ነበር። የመከሩት ሁሉ «ቪትስ ግዛ» አሉት። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ የቶዮታ መለዋወጫ እንደ ልብ ይገኛል፣ ሲሸጡትም አይከስሩበትም። ችግሩ ዋጋው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ታክስ ሰቀለው፤ ጥር 2016 ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ መንግሥት አስታወቀ። አገር ውስጥ ያለው ባለ ቤንዚን መኪና ሁሉ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ዋጋው የሚወደድ ሆነ። በዚህ መሀል ነው ይቺ ማርቼዲስ ደሴ ላይ ከቪትስ ባነሰ ዋጋ ለሽያጭ የቀረበችው። አሮጌ ናት ተብላ! ወዳጄ እያመነታ «ና እስቲ እያት» ብሎ ጠራኝ። ቁልፉን ከተቀበልኩ በኋላ መመለሱ ከበደኝ።

አሮጌነቷ እውነት ነው። ግን የምን አሮጌ? ዳይምለር ቤንዝ 190ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1982 ነው። እስከዚያ ድረስ ማርቼዲስ ማለት የሹማምንትና የባለጸጎች፣ ትልቅና ከባድ መኪና ማለት ነበር። ቢኤምደብሊው በ3 ሲሪስ መንዳት የሚወደውን ደንበኛ ሲሰበስብ፣ ኩባንያው ርዝመቷ 4.42 ሜትር ብቻ የሆነች መኪና ይዞ መጣ። አነሰች እንጂ አልረከሰችም። ምርቷ በ1993 እስኪያበቃ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በብሩኖ ሳኮ መሪነት የተሳለው ቅርጿ ዛሬም ሳየው ልቤን ይወስደዋል፤ ትርፍ መስመር የለውም፣ ጌጥ የለውም፣ ኋላዋ ከፍ ብሎ ሹል ይላል፣ ፊቷን የሚጠርገውም አንድ ትልቅ የዝናብ መጥረጊያ ብቻ ነው።

ስፖርታዊ ናት ስል ደግሞ ለማስታወቂያ የተለጠፈባት ስም ይዤ አይደለም። በኦገስት 1983 ባለ 16 ቫልቧ 190 ኢ 2.3-16 ጣሊያን ውስጥ ናርዶ በሚባለው ክብ የመፈተኛ መንገድ 50,000 ኪሎ ሜትር በአማካይ በሰዓት 247.9 ኪሎ ሜትር እየበረረች የዓለም ክብረ ወሰን ያዘች። ሃምሳ ሺህ! ከወልድያ አዲስ አበባ መቶ ጊዜ ገደማ መሄድ ማለት ነው፤ ያንን ከዘጠኝ ቀን ባነሰ ጊዜ ጨረሰችው። በሜይ 1984 አዲሱ የኑርቡርግሪንግ መወዳደሪያ ሲመረቅ ዝነኛ ሾፌሮች ሁሉ አንድ ዓይነት 190 ኢ 2.3-16 ተሰጥቷቸው ተሽቀዳደሙ። ኒኪ ላውዳን አስከትሎ አንደኛ የወጣው ገና የ24 ዓመት ልጅ የነበረው ብራዚላዊው አየርተን ሴና ነው። የወዳጄ መኪና ያቺ ባለ 16 ቫልብ አይደለችም፤ ባለ 2 ሊትር፣ ባለ 8 ቫልብ፣ 120 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያላት ናት። የእግሯ አሠራር ግን ያው ነው።

እስቲ ስለ እግሯ ልናገር፤ ምሥጢሩ ሁሉ እዚያ ነው። በዚያ ዘመን ዲኤክስም፣ ፊያት 124ም፣ ላዳም የኋላ ጎማዎቻቸው በአንድ ድፍን አክሰል የተያያዙ ነበሩ። አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲረግጥ ሌላውም አብሮ ይናወጣል። 190 ላይ ግን እያንዳንዱ የኋላ ጎማ ለብቻው በአምስት ዘንግ ተይዟል። አንዱ ዘንግ ጎማው ወደ ጎን እንዳይሸሽ ይገታል፣ ሌላው ወደ ኋላ እንዳይጎተት፣ ሌላው እንዳያዘም። አምስቱ ሲደመሩ ጎማው እንደ ልቡ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል እንጂ አቅጣጫውን አይለቅም፤ ኩርባ ላይም ፍሬን ሲያዝም አስፋልቱን እንደነከሰ ይቆያል። ዛሬ ቅንጡ በተባሉ መኪኖች ላይ የተለመደው ይህ አሠራር በብዛት ለሚመረት መኪና የተዳረሰው በ190 ነው። ከውርጌሳ ወደ መርሳ ስንመጣ አስፋልቱ የተቦረቦረበት ቦታ ላይ አንዱን ጉድጓድ በቀኝ የኋላ ጎማ ሆን ብዬ መታሁት። ከሥር «ዱብ» አለ። መሪው ንቅንቅ አላለም፤ መስመራችንም አልተዛነፈም። ከኋላ የተቀመጠው ወዳጄ «ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ይኸው ነው! በቪትስ ቢሆን ኖሮ ጣሪያ ይመታ ነበር እንጂ አይጠይቅም ነበር።

ድልብ ላይ ያየሁት ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ይሳሳበታል። ወልድያ ላይ አንድ አምስተኛው ሄዷል ማለት ነው፤ ወደ ጋሸና አምባ ሲወጣ ደግሞ ወደ አንድ ሦስተኛው ይጠጋል። የ120 ፈረሷ መኪና እዚያ የ85 ብትሆን ነው። በጉልበት ብቻ ከሆነ ብዙ መኪና ይቀድማታል። ሆኖም አልተቀደመችም! ሌላው መኪና ኩርባ በገባ ቁጥር ፍጥነቱን ይጥልና ከኩርባው ሲወጣ ከዜሮ እንደገና ይታገላል፤ እሷ ግን ይዛ የገባችውን ፍጥነት ይዛ ትወጣለች። በሦስተኛ ማርሽ፣ ሳትጨነቅ፣ ሳታጓራ። በመልሱ ቁልቁለቱ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ለቅቄያት በአራቱም እግሯ ያለው የዲስክ ፍሬን ሳንቃ እስኪደረስ አንድ ጊዜ እንኳ አልለሰለሰም። ጉልበት ዝቅ ሲል መንዳት ከፍ የሚልባት መኪና አይቼ አላውቅም!

ታዲያ ዓይን ተጨፍኖ የምትገዛ አይደለችም። ወልድያ ጋራዥ አስገብተን ያስመረመርናት ለዚህ ነው፤ እኔ ይህን ምርመራ ከመንዳቷ ባልተናነሰ ወድጄዋለሁ። መካኒኩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ኮፈኑን ከፍተው መጀመሪያ ያዩት ሞተሩን ሳይሆን ከሞተሩ ኋላ ላሜራው ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ነው። ደብሊው፣ ዲ፣ ቢ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ 201 ካለ መኪናዋ 190 ናት። ከዚያ 024 ከተከተለ ባለ 2 ሊትሯ 190 ኢ ናት፤ 022 ካለ ባለ ካርቡሬተሯ ናት፣ ኋላዋ ላይ «ኢ» ተለጥፎባትም ቢሆን። ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አነበቡ። የኛዋ 201024 ሆና ስትገኝ ከወዳጄ ጋር ተቃቀፍን።

ቀጥሎ ዝገት። የማርቼዲስ ሞተር ይጠገናል፤ የተበላ ላሜራ ግን ገንዘብ ይበላል። ክሪክ የሚገባባቸውን አራት ቦታዎች በጣት መጫን፣ የጎማ ቤቱን ጠርዝ ከውስጥ መዳሰስ፣ ቀለሙ ያማረበት ቦታ ላይ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ማስጠጋት ነው፤ ማግኔቱ ካልያዘ ከሥሩ ያለው ስቱኮ ነው። ከ1988 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የወጡት ጎናቸው በሰፊ ፕላስቲክ ስለተሸፈነ ዝገቱ ከጀርባው ተደብቆ ይቆያል፤ ነቅሎ ማየት ያስፈልጋል። ሻጩ ካልፈቀደ መተው ነው።

ከዚያ መኪናዋ ወደ ላይ ተነሣች፤ መካኒኩ ፌሮ ይዘው የኋላ ዘንጎቹን እያንዳንዳቸውን ገፋ ገፋ አደረጉ። በየጫፋቸው ያለው ጎሚኒ ካረጀ ያ ሁሉ ያወራሁት ጥበብ ይጠፋል፤ መኪናዋ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ትንከራተታለች፣ የኋላ ጎማዋም ከውስጥ በኩል ተበልቶ ያልቃል። የኛዋ ሁለት ዘንግ ላይ ጎሚኒው ተሰነጣጥቆ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ከባድ ነው?» ስላቸው፣ «አብሽር ልጄ፣ ይሄ ይቀየራል፤ የማይቀየረው ሻንሲው ነው፣ እሱ ሸጋ ነው» አሉኝ። ጎሚኒው ሶማሌ ተራ ተገኘ። ሞተሯ ከትልቋ 200 ኢ ጋር አንድ ዘር ስለሆነ የሞተር ዕቃ ፍለጋም ሰው እንደሚያወራው አያስጨንቅም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ስሙት። ሻጩ አስነሥቶ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን በጠዋት ተመለሱ። መጀመሪያ የወጡት ባለ ነጠላ ካቴና ናቸው፤ ካቴናው ከላላ ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ ያንቋቋል፣ ሲሞቅ ይደብቀዋል። የኋለኞቹ ድርብ ካቴና አላቸው፤ እነሱን ምረጡ። ሲነሣ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ብልጭ ካለ የቫልብ ጎማ ነው፣ ቀላል ነው። እየተነዳ የሚጨስ ከሆነ ግን ፋሻ ነው፤ ያ ሞተር ማውረድ ነው። ደግሞ ለኛ አካባቢ የተለየ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ቤንዚን ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን እየቀዳ የኖረ መኪና ከሆነ የነዳጅ ማጣሪያውን ሳትቀይሩ አትንዱት። የ190 ኢ ነዳጅ ማከፋፈያ በጣም ቀጫጭን መተላለፊያዎች ነው ያሉት፤ ቆሻሻና ውኃ ያደነዝዘዋል፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ደህና ሆኖ ሳለ መኪናዋ ትነጥቃለች፣ ሰውም «ማርቼዲስ አይሆንም» ይላል። ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም።

ጉድለት የላትም አልልም። የኋላ ወንበሯ ጠባብ ነው፤ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ደሴ ድረስ አይመቻቸውም። ዝቅ ያለች ስለሆነች ወደ ጊራና ገባ የሚለውን ዓይነት ጥርጊያ መንገድ አልመክርም። ኤርባግም ሆነ ኤቢኤስ ሲሸጥ ተመርጦ የሚገባ ስለነበር የሌላት ብዙ ናት፤ ያላት ከተገኘች ጭማሪ ከፍሎ መውሰድ ይገባል።

አዲስ ኤሌክትሪክ አይሻልም ወይ ያለኝም አለ። አዲስ አበባ ለሚኖር አዎ፣ ይሻላል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ከፍታ ጉልበቱን አይነካውም፤ ድልብን ሽቅብ እንደ ሜዳ ይወጣዋል፣ ይህን አልክድም። ግን መብራት ሄዶ ሲቆይ በሚታወቅበት አገር፣ ከወልድያ ወዲያ ቻርጅ ማድረጊያ እንደ ልብ በማይገኝበት መንገድ፣ ለወዳጄ ዛሬ አይሆንም። ከባዱን ባትሪ ተሸክሞ ኩርባ የሚገባ መኪና ደግሞ ይቺ የምትሰጠውን ቅለት አይሰጥም። ለተመሳሳይ ገንዘብ ሦስት አማራጭ ቢቀርብልኝ፣ ቪትሱን ለመነገድ፣ ኤሌክትሪኩን ለከተማ፣ 190ዋን ለመኖር!

ወዳጄ ገዛት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ምክንያት ወልድያ ይሄዳል። እኔ ደግሞ የናፍጣዋን እያፈላለግሁ ነው፤ በተለይ ሻንሲዋ 201126 የሆነውን፣ ባለ አምስት ሲሊንደሯን 190 ዲ 2.5። ሞተሯ ድምፅ በሚያፍን ሽፋን ተከቦ ስለተሠራ ናፍጣ መሆኗ እስኪያጠራጥር ዝም የምትል ናት፤ ጉልበቷ 90 ፈረስ ቢሆንም እግሯ ያው ነው። ያለው ሰው ካለ ደሴም ሆነ አዲስ አበባ ድረስ እመጣለሁ። ሞተሩን ቀድማችሁ አታሙቁት፤ ቀዝቃዛውን ልስማው!