የዘረት ዋሻና የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ዕዳ

የድልን ቀን መጻፍ ለብዕር ቀላል ነው፤ አንባቢም በደስታ ይቀበለዋል። ነገር ግን በሕዝብ ኑሮ ውስጥ ከድሉ ቀን ይልቅ የሚከብድ የጨለማ ቀን አለ። ይህን ቀን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መዝግቦ ለትውልድ ማስተላለፍ የታሪክ ጸሐፊ እውነተኛ ፈተና ነው። ዛሬ ልንመረምራቸው ያሰብነው በሰሜን ሸዋ በዘረት ዋሻ ስለ ደረሰው መከራ የተጻፉትን ጽሑፎች ነው። ዓላማችንም መከራውን ለመተረክ ብቻ ሳይሆን፣ ብዕሮቻችን ለሟቾቹ የሚገባውን ምን ያህል እንደ ፈጸሙ ለመመዘን ነው።

አስቀድመን ነገሩን ባጭሩ እናስታውስ። ሙሶሊኒ በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ አልቋል፣ ኢትዮጵያም የኢጣልያ ሆናለች ብሎ ለዓለም ዐወጀ። ሆኖም ሦስት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ በሚያዝያ ወር 1931 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ጦር በዘረት ዋሻ የተጠለሉትን የአበበ አረጋይን ተከታዮች ከበባቸው። በዋሻው ውስጥ የነበሩት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎችም ነበሩ። ጠላት በተራ መሣሪያ ሊያስወጣቸው ባልቻለ ጊዜ የመርዝ ጋዝ ላከባቸው። ይህም ጋዝ ኢጣልያ ራስዋ በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ በፈረመችው ውል የተከለከለ ነበር። መሪያቸው ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ሰብሮ አመለጠ፤ ከቀሩት ብዙዎቹ እጃቸውን ሰጡ። ሚያዝያ 3 ቀን ንጋት ላይ ወንዶቹ ተለይተው በጥይት ተደበደቡ፤ ቍጥራቸውም እስከ 800 እንደሚደርስ ይነገራል።

ይህን ታሪክ ወደ መጽሐፍ ያወጣው ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ የኢጣልያ ተወላጅ የታሪክ ተመራማሪ ነው። በአገሩ የጦር መዝገብ ቤት ያገኘውን ወረቀት ተከትሎ በ1998 ዓ.ም. ወደ ዋሻው መጣ፤ የሟቾቹንም አጥንት በዚያው አየ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ባሳተመው፣ ኢጣልያኖች ከ1936 እስከ 1941 በኢትዮጵያ ስለ ነበራቸው ግዛት መፈራረስ በሚናገረው መጽሐፉ ውስጥ ነገሩን አስፍሮታል። የሥራው ምስጋና ሁለት ነው። አንደኛ፣ የገዳዩን ወገን ራሱ በጻፈው ወረቀት ምስክር አድርጎ አቁሞታል። ሁለተኛ፣ በወረቀቱ ብቻ ሳይረካ ተራራውን ወጥቶ ቦታውን በዓይኑ መርምሯል። የሌላውን ሕዝብ ደም ለመመስከር የራሱን ሕዝብ መዝገብ የሚገልጥ ጸሐፊ ሊከበር ይገባዋል።

ነገር ግን የወታደር ወረቀት የራሱ ድንበር አለው። የሞተውን ይቈጥራል እንጂ የማን ልጅ እንደ ሆነ አይጠይቅም። ዋሻውን የያዘበትን ሰዓት ይመዘግባል እንጂ እናት በጨለማ ውስጥ ልጅዋን በምን እንደ ሸፈነችው አያውቅም። ስለዚህ በዚህ ሰነድ ላይ ብቻ የሚመሠረት ታሪክ፣ ጸሐፊው ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ በገዳዩ ዓይን የታየ ታሪክ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ጕድለት በከፊል የሞላው በ2011 በአውሮፓ አቈጣጠር አልፍሬዶ ጎንሳሌስ ሩይባል፣ ዮናታን ሳህሌና ሹርሾ አያን በአንድ የከርሰ ምድር ጥናት መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ ነው። እነዚህ ተመራማሪዎች በዋሻው ውስጥ የቀረውን የቤት ዕቃ መርምረው፣ ስፍራው ምሽግ ብቻ ሳይሆን የገበሬ ቤተ ሰብ ኑሮ የሚካሄድበት መንደር እንደ ነበረ አሳይተዋል። የሸክላ ስባሪ የጦር ወረቀት የደበቀውን ሲናገር ማየት እጅግ ያስደንቃል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ በእንግሊዝኛና በሊቃውንት አነጋገር ስለ ተጻፈ፣ በዋሻው አጠገብ ለሚኖረው ገበሬ ልጅ ሩቅ ነው።

እኛስ ምን አደረግን? ብዙዎቹ የአርበኞች ታሪክ መጻሕፍቶቻችን የጀግናውን ስምና ማዕርግ፣ የማረከውን ጠመንጃና የተዋጋበትን ስፍራ በትጋት ይዘረዝራሉ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ስንቅ የቋጠረችው፣ ውሃ የቀዳችው፣ ከዋሻው ሳትወጣ የቀረችው ሴት ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ትታለፋለች። በሌላ በኩል ደግሞ አንዳንድ ጸሐፊዎች ጨለማውን ታሪክ የሚፈልጉት ለማስደንገጥ ብቻ ነው። አጥንቱን ያሳያሉ፤ ሰውየውን ግን አያሳዩም። ሁለቱም ወገኖች ሟቹን ስም የለሽ ያደርጉታል።

የአካባቢው ሰዎች ስፍራውን አመጸኛ ዋሻ ብለው ይጠሩታል። ይህ ስም ራሱ ሊመረመር የሚገባው ነው። ጠላት አርበኞቹን አመጸኞች ሲል ለስድብ ነበር፤ በባላገሩ አፍ ግን ቃሉ ለቦታው መታሰቢያ ሆኖ ቆይቷል። እንግዲህ ታሪኩ ጠፍቶ ነበር ማለት ስሕተት ነው። ሕዝቡ ያውቀው ነበር፤ ያላወቀው መጽሐፉ ነው።

እንዲህ ያለውን ቍስል መነካካት ቂም ያስነሣል የሚሉ ሰዎች አሉ። አሳባቸው ከበጎ ልብ የመጣ ስለ ሆነ ልናቃልለው አይገባንም። ነገር ግን የሆነውን አስረግጦ መናገር በቀል አይደለም። በኢጣልያ አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ ስለ መርዙ ጋዝ ለብዙ ዓመታት ሲጽፍ የገዛ አገሩ ሰዎች ይክዱት ነበር። በመጨረሻ በ1988 ዓ.ም. የኢጣልያ የመከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ በኢትዮጵያ ጦርነት እንደ ተሠራበት አመነ። ክሕደቱን ያሸነፈው ጦር ሳይሆን የጸና ብዕር ነው።

አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚጸናው ለተወጋው ዕድሜ ልክ ብቻ ነው። የተወጋው ከሞተ በኋላ ቍስሉን የሚያስታውስለት ጽሑፍ ነው። በ1931 ዓ.ም. ሕፃን የነበረ ሰው ዛሬ በሕይወት ቢገኝ እጅግ ያረጀ ሽማግሌ ነው። ከአባቶቻቸው የሰሙት ልጆችም እየሸመገሉ ናቸው።

ስለዚህ የዘረት ታሪክ ገና አልተጻፈም ብንል ማጋነን አይሆንም፤ የተጻፈው የአገዳደሉ ታሪክ ነው። የሟቾቹን ስም፣ የመጡበትን መንደርና የተዉትን ቤተ ሰብ የሚነግረን መጽሐፍ ሊጻፍ የሚችለው በአማርኛ፣ ከባላገሩ አፍ ተሰብስቦ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ሽማግሌዎች ቢልክ፣ ተማሪውም የሰማውን ሳያሳምር ቢጽፍ፣ ሹሙም የተጻፈው የሚቀመጥበትን ስፍራ ቢያዘጋጅ ሥራው ይጀመራል። የውጭ አገር ሰው ወረቀት ይዞ መጥቶ የራሳችንን ዋሻ አሳይቶናል። በዋሻው ውስጥ ማን ማን እንደ ነበረ መናገር ግን የእኛ ፈንታ ነው።