«አደፍርስ» እና የሆመቾው ተማሪ

አቶ ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት «አደፍርስ» የተባለው ልብ ወለድ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚወሳው በቋንቋው ክብደትና በአተራረኩ እንግዳነት ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ተማሪ ከማያውቀው ኅብረተ ሰብ ጋራ መላመድ ሲኖርበት፥ የመላመዱ ግዴታ የማነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፥ ማለት የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር። አደፍርስም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ወደ ሰሜን ሸዋ ገጠር ሲወርድ ዕውቀትና ቅን ልብ አላነሰውም፤ ያነሰው ማዳመጥ ነው። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የሚለውን ምክር ዘንግቶ ካገኘው ሁሉ ጋራ ይከራከራል። የደራሲው ብልኀት ባላገሩን ለአደፍርስ ንግግር ሰሚ ብቻ አለማድረጋቸው ነው፤ እነወይዘሮ አሰጋሽ የየራሳቸው አነጋገርና የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ስለዚህ አንባቢ ጉድለቱን በገጠሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በመጪው ላይም ያያል።

ዛሬ ይህን ታሪክ ገልብጠን ልናነበው ይገባናል። በሀዲያ ዞን በጊቤ ወረዳ ከምትገኘው ከሆመቾና በዙሪያዋ ካሉት የእንሰት መንደሮች ተነሥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደውን ወጣት እናስብ። ያለፈበት በር ጠባብ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በሆሳዕና ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ቢኖርም፥ ምደባው ወደ ሩቅ አገር ሊወስደው ይችላል። በቤቱ ሀዲይሳ ሲናገር አድጎ፥ ከመኝታ ቤት ጓደኞቹ ጋራ በአማርኛ ይግባባል፤ ትምህርቱን ግን በእንግሊዝኛ ይከታተላል። በታላቅ ፊት ዝም ማለት በመንደሩ ጨዋነት ነበር፤ በመማሪያ ክፍል ግን ዝምታው እንደ አለማወቅ ይቈጠርበታል። ጥያቄ ሳይጠይቅ የሚቀረው ሐሳብ አጥቶ ሳይሆን፥ አነጋገሩ እንዳይሣቅበት ፈርቶ ሊሆን ይችላል።

በአደፍርስ ላይ የፈረድነውን ፍርድ እንግዲህ በዩኒቨርሲቲውም ላይ ልንፈርድ ይገባል። እንግዳውን «ተላመድ» እያለ ራሱ የማያዳምጥ ተቋም፥ የአደፍርስን ጥፋት ይደግማል። የቀድሞው የአብነት ትምህርት ቤት ችግሩ ብዙ ቢሆንም በዚህ ረገድ የሚያስተምረን አለው፤ ከሩቅ አገር የመጣውን ታናሽ ተማሪ ታላቁ ያስቀጽለው ነበር፤ የአካባቢውም ሰው ቍራሽ እየሰጠ ያኖረው ነበር። ዛሬም ነባሩ ተማሪ አዲሱን ቢይዘው፥ መምህሩም ዝምተኛውን በስሙ ጠርቶ ቢጠይቀው፥ ብዙ ወጪ ሳያስፈልግ ብዙ ልጅ ከመባከን ይድናል።

የልብ ወለዱንም ድካም ሳንጠቅስ አናልፍም። ስለ አለመደማመጥ የተጻፈው ይህ መጽሐፍ፥ አማርኛን በትምህርት ቤት ለለመደው የሆመቾ ተማሪ በከባድ ቃላቱ የተዘጋ ነው። መምህራን ከነማብራሪያው ካላቀረቡለት በቀር፥ ከማንም ይልቅ የሚመለከተው አንባቢ ከደጅ ይቀራል።

ደራስያኖቻችን ወደ ውጭ አገር ሄዶ የተመለሰውን ተማሪ ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ፥ በአቶ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ»፥ አሳይተውናል። ወደ ገጠር የወረደውንም በ«አደፍርስ» አሳይተውናል። ከእንሰቱ ጥላ ወጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ ግን በስፋት በሚነበቡት ልብ ወለዶቻችን ውስጥ ገና ተገቢ ስፍራውን አላገኘም። ታሪኩን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ራሱ ነው፤ በዚህ መጽሔት ገጾችም ላይ የእርሱን ብዕር እንጠብቃለን።