አምስት ድምፅ አይበቃም

የሰሜን ሕንዱ ራጋ ቡፓሊና የእኛው ትዝታ ሜጀር የተሠሩት ከአንድ ዓይነት አምስት ድምፆች ነው። ባቲ ሜጀርም ከደቡብ ሕንዱ ጋምቢራ ናታይ ጋር እንዲሁ ይገጥማል። “ፊውዥን” የሚባለው ሙዚቃ ብዙ ጊዜ የሚሞኘው እዚህ ላይ ነው፤ ድምፆቹ ስለተገናኙ ተጫዋቾቹም የተገናኙ ይመስለዋል። ጆን ማክላፍሊን በ1970ዎቹ ከዛኪር ሁሴንና ከኤል ሻንካር ጋር ሻክቲን ሲመሠርት አስቀድሞ ቪና ተምሮ ነበር። ጊታሩ ከታብላው ጋር የተግባባው በትምህርት እንጂ በአጋጣሚ አይደለም።

ጆርጂያ ጎዳና ፔትዎርዝን አቋርጦ ሲልቨር ስፕሪንግ እስኪደርስ ድረስ አማርኛ የማይሰማበት ሰፈር ጥቂት ነው። ለዚህ አካባቢ ሐበሻ ጥያቄው ሩቅ አይደለም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ለሙዚቃ ጉዞ መጥቶ ዋሽንግተን ቀረ፤ በ1985 “ሸሞንሟናዬ”ን አኮርዲዮንና ኪቦርድ አዋህዶ ለብቻው ቀረጸ፤ ከዚያ ታክሲ ነዳ። ካሴቱ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ በ2013 እንደገና ታተመ። (ጎረቤቱ ያልጠየቀውን ሰው ባዕድ ፈልጎ አገኘው፤ ይህ ሌላ ወሬ ነው።)

የ2018ቱ “ላላ በሉ” አብረውት የተጫወቱት ቤዚስቱ ማይክ ማይኮውስኪና ድራመሩ ቶኒ በክ ናቸው። በክ ዘ ኔክስ የተባለው የአውስትራሊያ ትሪዮ አባል ነው፤ ያ ባንድ አንድን ሐሳብ ሳይቸኩል ለረጅም ጊዜ እያሽከረከረ በመጫወት ይታወቃል። ከአሥር ደቂቃ በላይ በሚሄደው “ትዝታ” ላይ ይህ ልማድ ይጠቅማል። ትዝታ መጠበቅ ይፈልጋል፤ አኮርዲዮኑ ሲያንጎራጉር ከበሮው ቦታውን አይሻማም። ምቱ ሲፈጥን ግን ያ ማመንታት ይጠፋል፤ እግር ይደሰታል፣ ሆድ አይባባም። አልበሙ የሚዘጋው በ“የፍቅር እንጉርጉሮ” ነው፤ ፒያኖው ብቻውን ይቀራል። ሁለቱ እንግዶች ከተጫወቱት ሁሉ ምናልባት ትልቁ ይህ ዝምታቸው ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣው “የኔ ምርጫ” ላይ ደግሞ የሰጠኝ አጥናው ማሲንቆ ይገባል። አውስትራሊያዊን ከአኮርዲዮን ጋር ማስማማት ከባድ ነው ያለ ሰው ይህን ይስማ። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው፤ ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም፣ ድምፁን በየጊዜው ይንሸራተታል፣ ያጥፋል፣ ይመልሳል። የኪቦርዱ ቁልፍ ግን ከተቆረጠለት ድምፅ ወዲያና ወዲህ አይልም። ሁለቱም ሐበሻ ናቸው፤ ግን እርስ በርስ እንግዳ ናቸው። ኃይሉ ማሲንቆውን ሊመስል አይሞክርም። እጁን ሰብሰብ አድርጎ ከሥር ይጠብቀዋል፣ ክሩ ሲንሸራተት መሬት ይሆንለታል።