ከላይ ያለው ቁጥር

ሰኞ ማለዳ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ጋቢ የደረቡ አባት ጉዞው እንደ ተጀመረ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው የሰኞውን ክፍል፣ ከመዝሙር 1 እስከ 30 ያለውን፣ በለሆሳስ ይደግሙ ጀመር። ዐይናቸው መጽሐፉ ላይ የሚያርፈው አልፎ አልፎ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን የወንጌል ስርጭት ሥልጠና ጨርሻለሁ፤ 60 ጥቅሶች በትንንሽ ካርድ ጽፌ በቃሌ ይዣለሁ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልስ አላጣም የሚል እምነት ነበረኝ።

የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ወግ ጀመርን። ልጃቸው በየመን በኩል ሳዑዲ ከገባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ድምፁን ከሰሙ ወራት አልፈዋል። እኔም ስለ ተስፋ የሚናገረውን ኤርምያስ 29፥11ን ካርዱ ላይ እንዳለው፣ አንድ ቃል ሳልስት አወረድኩላቸው። አዳመጡኝና "ከላይ ያለው ቁጥር ምን ይላል ልጄ?" አሉኝ። አላውቀውም ነበር። "ሰባ ዓመት ነው እኮ የሚለው" አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣም ሆነ መመጻደቅ አልነበረም።

ከዚያ ምዕራፉን ተረኩልኝ። ነቢዩ ከኢየሩሳሌም ባቢሎን ላሉ ምርኮኞች የላከው ደብዳቤ ነው። ቀደም ባለው ምዕራፍ ሐናንያ የሚባል ሰው ተነሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል እያለ ሕዝቡን አስደስቶ ነበር። ኤርምያስ ግን ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ስለሚኖሩባትም ከተማ እንዲጸልዩ ጻፈላቸው። ሰባ ዓመት ማለት ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ አገራቸውን ሳያዩ ያርፋሉ ማለት ነው። "እኔም ስለ ልጄ ስጸልይ ቶሎ መልሰው ብቻ አልልም" አሉኝ። "ባለበት ቤት እንዲቆምለት፣ ያለበትም አገር ሰላም እንዲሆን እለምናለሁ።"

እኔ ለኚያ አባት ይዤላቸው የመጣሁት ተስፋ ሐናንያ ከሰጠው ብዙም አይለይም ነበር። ቃሉ የኤርምያስ ነው፤ በእኔ አፍ ሲነገር ግን የሐናንያ ሆነ። ይህን ለመረዳት ከደሴ እስክመለስ ድረስ ጊዜ ወሰደብኝ።

አሁን በቤት ኅብረት ሰዎችን እምነታቸውን ለሌላው እንዲያካፍሉ ማዘጋጀት ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆኖኛል። ጥቅስ በቃል መያዝን አልነቅፍም፤ እስካሁን እኔም እይዛለሁ። የምለው፣ የመያዣው ልክ ቁጥር ሳይሆን ምዕራፍ ይሁን ነው። ሐሙስ ማታ ቡና ከተፈላ በኋላ አንድ አጭር መጽሐፍ መርጠን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብለን እናነባለን። ከዚያ መጽሐፉ ይዘጋና አንድ ሰው ያነበብነውን በራሱ ቋንቋ፣ ለጎረቤት እንደሚያወራ አድርጎ ይተርካል። ማን ጻፈው? ለማን? ሲጻፍለት ያ ሰው ምን ላይ ነበር? የሚጎድለውን ሌሎቹ ይሞላሉ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይፈራል። በሁለተኛው ወር ግን ጥቅስ ብቻ ሲጠቅስ የኖረው ሰው ስለ ጳውሎስ እስር ቤት የቅርብ ዘመዱን ያህል ማውራት ይጀምራል።

በዚህ መንገድ ስናነብ ራሱ የዝግጅት መሪ ቃላችን የሆነው 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 መልኩ ተለወጠብን። ከላይ ያለው ቁጥር የሚናገረው ስለ ጽድቅ መከራ ስለሚቀበሉና እንዳይፈሩ ስለተመከሩ ሰዎች ነው። ጴጥሮስ መልስ እንዲያዘጋጁ የነገራቸው ለክርክር ሜዳ አይደለም። ተስፋቸውን አይቶ የሚጠይቅ ሰው እንደሚመጣ አስቦ ነው፤ መልሱንም በየዋህነትና በአክብሮት እንዲሰጡ አዘዘ። ጠያቂው ምንም ሳያይብን መልስ ይዘን የምንሯሯጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለዚህ ሥራ ሳስብ ደጋግሜ የምመለሰው ወደ ፊልጶስና ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ነው። የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ፊልጶስ መጀመሪያ ሰረገላው አጠገብ ሆኖ የሚነበበውን ሰማ፤ ቀጥሎ ጠየቀ፤ ተለምኖ ወጣና አጠገቡ ተቀመጠ። ከዚያም ማስረዳት የጀመረው ጃንደረባው ከሚያነበው ከኢሳይያስ ክፍል ነው። የተገለጠውን መጽሐፍ የመረጠው ጃንደረባው ነበር። ሌላ ክፍል ሲነበብ ቢያገኘውስ ኖሮ? ከየትም ገጽ ተነሥቶ ወደ ክርስቶስ ማድረስ የሚችል ሰው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር የተመላለሰበት ሰው ብቻ ነው።

ከቡድናችን አንዷ እህት ፀጉር ቤት ትሠራለች። ባለፈው ዓመት አንዲት ደንበኛ ሹሩባ እየተሠራች ሳለ የአራት ዓመት ልጇን መቅበሯን ነገረቻትና፣ በመስታወቱ ውስጥ እያየቻት "አንቺ ጸሎተኛ ነሽ አሉ፤ ለምንድን ነው የወሰደብኝ?" አለቻት። እህታችን እጇ ፀጉሩ ላይ እንዳለ ቆመ። "አላውቅም" አለች። ጥቂት ቆይታ ኢዮብን አነሣችላት። አሥር ልጆቹን በአንድ ቀን ያጣ ሰው መሆኑን፣ ወዳጆቹ መጥተው ሰባት ቀን መሬት ላይ አብረውት ዝም ብለው መቀመጣቸውን፣ በምዕራፍ 3 የተወለደበትን ቀን እስኪረግም ድረስ ማልቀሱን፣ በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው መልስ እናውቃለን ባሉት ወዳጆቹ ላይ እንጂ በጠያቂው በኢዮብ ላይ አለመሆኑን ነገረቻት። ሴትዮዋ ለቅሶዋን ስትጨርስ "ታዲያ መጠየቅ ይቻላል?" ብቻ አለች። ሹሩባው ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈጀ። በሚቀጥለው ወር ያቺ ደንበኛ መጽሐፉ ስንተኛ ገጽ ላይ እንደሚገኝ ልትጠይቅ ተመልሳ መጣች።

እህታችን ኢዮብን ከጫፍ እስከ ጫፍ ባታውቀው ኖሮ ለዚያች እናት የምትሰጣት ከወዳጆቹ ንግግር የተቀነጨበ አንድ ጥቅስ ይሆን ነበር፤ እነሱም ደግሞ ብዙ ያማረ ቃል ተናግረዋል። "አላውቅም" ማለቷን የዝግጅቷ ክፍል አድርጌ ነው የምቆጥረው። ለቅሶ ቤት ደርሰን አፈር ላይ መቀመጥን የምናውቅ ሰዎች ይህ ሊከብደን አይገባም።

አንድ ሁለት የተግባር ነገር ላንሣ። ስልክ ላይ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ለፍለጋ ይመቻል፤ ነገር ግን የፈለግኸውን ቁጥር ከጎረቤቶቹ ነጥሎ ነው የሚያመጣልህ። ለጥናት የወረቀቱን ያዙ፤ ከላይና ከታች ያለው አብሮ ይታያል። በቃል ለመያዝ ደግሞ አንድ ትርጉም ምረጡ። እኔ የ1954ቱን እመርጣለሁ፤ ቋንቋው ለወጣቶች ቢከብድም ጆሮ ውስጥ ይቀራል። ትርጉም እየቀያየሩ የሚያጠኑ ተማሪዎቼ መሀል ላይ ሲደናበሩ አይቻለሁ።

የፊልጵስዩስ መልእክት አራት ምዕራፍ ነው፤ ጮክ ተብሎ ቢነበብ ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ብዙዎቻችን የምንጠቅሳት የ4፥13 ቃል እዚያ ውስጥ ናት። ዛሬ ከራት በኋላ ቤተሰቡን ሰብስባችሁ ከመጀመሪያው አንብቡት፤ እዚያች ቁጥር ላይ ስትደርሱም ከላይ ስለ ረሃብና ስለ ጥጋብ የተጻፈውን ልጆቻችሁ እንዲተርኩላችሁ ጠይቋቸው።