ግጥም እንደ ሙከራ፦ ስለ ሚሮስላቭ ሆሉብ

የቼኩ ገጣሚ ሚሮስላቭ ሆሉብ (1923–1998 እ.ኤ.አ.) ሲነሳ ቀድሞ የሚወራው ስለ ቃላቱ ነው፤ ሴል፣ ሊምፎሳይት፣ ማይክሮስኮፕ፣ የላቦራቶሪ አይጥ። ሐኪምና የኢሚዩኖሎጂ ተመራማሪ ስለነበር የሙያውን ቋንቋ ወደ ግጥም አስገባ ይባላል። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ላይ ላዩን ነው፤ የሳይንስ ቃል መዋስ ለማንም አይከብድም። ሆሉብ ከላቦራቶሪው ይዞ የወጣው አሠራሩን ነው፦ መጠየቅ፣ የታየውን መመዝገብ፣ ውጤቱ ከግምት ውጭ ቢሆንም አለመነካካት።

«ናፖሊዮን» የተባለችውን አጭር ግጥሙን እንይ። መምህር ተማሪዎቹን ስለ ናፖሊዮን ይጠይቃል፤ መቼ ተወለደ? ምን ሠራ? ልጆቹ በግምት ይመልሳሉ፤ የተወለደበት ዘመን ከሺህ ዓመት በፊት እስከ አምና ድረስ ይዋዥቃል። ከዚያ አንዱ ልጅ የሰፈሩን ሥጋ ሻጭ ውሻ ያነሳል። ስሙ ናፖሊዮን ነው፤ ጌታው ሲደበድበው ኖሮ በረሃብ ሞቷል። ይኼኔ ክፍሉ በሙሉ ለናፖሊዮን ያዝናል፤ ግጥሙም አለቀ። ስለ ታሪክ ትምህርት፣ ስለ ጦር መሪዎች ዝና ገጣሚው ትንፍሽ አይልም። ሌላ ገጣሚ ቢሆን (እኛ ዘንድም ብዙ አሉ) ሁለት የቁጭት ስንኝ ሳይጨምር ብዕሩን አያስቀምጥም ነበር።

ይህ ቁጥብነት በቀላሉ የመጣ አይደለም። ሆሉብ ፕልዜን ተወለደ። ናዚዎች የቼክ ዩኒቨርሲቲዎችን ዘግተው ስለነበር የጦርነቱን ዘመን በባቡር መሥሪያ ቤት በጉልበት ሥራ አሳለፈ፤ በ1953 ከፕራግ ቻርልስ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ። የመጀመሪያ መድበሉ በ1958 ሲታተም ከመንግሥት የሚጠበቀው ግጥም ለትራክተርና ለፓርቲ የሚዘመር ውዳሴ ነበር። እሱ ግን ቤት መምታትን ትቶ ስለ ተራ ሰው ውሎ ጻፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ ያዩትን ብቻ መናገር በራሱ አቋም ነው።

ቤት የማይመታው ግጥሙ በትርጉም ብዙ አይጎድልበትም። በ1967 ፔንግዊን በእንግሊዝኛ ሲያሳትመው በውጭ ያገኘው ዝና በአገሩ ካለው የላቀውም በከፊል ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

በሶቪየት ወረራ ከከሸፈው የለውጥ ንቅናቄ፣ ከፕራግ ጸደይ፣ በኋላ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። በ1970 ከሥራው ተባረረ፤ ግጥሞቹም በአገሩ እንዳይታተሙ ተከለከሉ። በ1973 የቀድሞ አቋሙን የሚነቅፍ የአደባባይ መግለጫ ሰጠ። አንዳንዶች ከላቦራቶሪው ላለመለየት የከፈለው ዋጋ ነው ይሉለታል። ይህን መረዳት ይቻላል፤ ያም ሆኖ ያልታየን ነገር አልመዘግብም ያለ ሰው ባላመነበት ቃል ስር ስሙን ማኖሩን ሥራው ላይ የሚጽፍ ሐያሲ ሊዘለው አይገባም። ከዚያ ወዲህ የጻፋቸው ግጥሞች ምፀታቸው ይከርራል፤ መድረክ፣ አሻንጉሊትና ተዋናይ ይበዛባቸዋል። አንዳንዶቹ ሌክቸር ሌክቸር ይላሉ፤ ሐሳባቸው ከምስላቸው ቀድሞ ይደርሳል። ምርጦቹ ላይ ግን መርማሪው ራሱ ከሚመረመሩት አንዱ ሆኗል፤ በ«ናፖሊዮን» ያልነበረ፣ የበለጠ የሚያስከፍል ሐቀኝነት እዚህ አለ።